አባወራው እንደ ፊልም፣ ሆያ ሆዬ እንደ ማጀቢያ

የፊልም ሙዚቃን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት የትውልድ ሐረጉን የሚቆጥሩት ከፓሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ካሚል ሳን-ሳንስ የጊዝ መስፍንን አገዳደል ለሚያሳይ አጭር ድምፅ አልባ ፊልም ሙዚቃ ደረሰ፤ ስመ ጥር ደራሲ ለፊልም ብሎ የሠራው የመጀመሪያው ሥራም ይኸው ተባለ። ከዚያ በፊት የነበረውን «ፒያኖ መቺው ሸራውን እያየ የመጣለትን ይጫወት ነበር» ብለው ባንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ይህ ጥናት የሚነሣው ከዚያች ከታለፈች ዐረፍተ ነገር ነው። ፊት ለፊቱ የሚሆነውን እያየ የመጣለትን የሚያዜም፣ ትዕይንቱ ሲያዘግም የሚያዘግም፣ ሲፈጥን የሚፈጥን ባለሙያ፣ ፒያኖ አገራችን ሳይገባ፣ ሸራም በየትም አገር ሳይወጠር፣ በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ አሁንም ይሠራል። ዱላ ይይዛል፣ ጢም ገና አላወጣም፣ ደመወዝ የለውም፣ ነሐሴ 12 ማታ ከደጃፍ ደጃፍ ሲዞር ይገኛል። የጥናቱ አቋም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሆያ ሆዬ ዘፈን ተብሎ የተመዘገበው በስሕተት ነው፤ ማጀቢያ ነው። የሚያጅበው ፊልምም የቤቱ አባወራ ነው።

የጥናቱ ቦታ ደብረ ታቦርና አካባቢው የሆነው በአድልዎ አይደለም። በዓሉ በመላው አገር ቡሄ ቢባልም ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ደብረ ታቦር ብላ ነው፤ በስሙ የተጠራው ከተማ ደግሞ ከጉና ተራራ ወዲህ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በዓሉ የሚዘከርበት የገሊላው ታቦር 600 ሜትር እንኳ የማይሞላ ኮረብታ ነውና የእኛው ሞክሼ ቢያንስ በከፍታ ከሌላው ጋር መወዳደር አይገባውም። የካህናቱን ትርጓሜ የማያውቅ የለም፦ ችቦው በተራራው ላይ የታየው ብርሃን ነው፤ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የመጣው ድምፅ ነው፤ ሙልሙሉ ብርሃኑን አይተው ያልመሸ መስሏቸው በዱር ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘው የወጡት ስንቅ ነው። ይህን ትርጓሜ ማንም የፊልም ሰው ቢሰማው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም። መብራት አለ፣ ድምፅ አለ፣ ከመሸ በኋላም ላልተለቀቁት ሠራተኞች የሚቀርብ ምግብ አለ። አንድ የቀረጻ ቡድን ከነሙሉ ክፍሎቹ ተራራ ላይ ወጥቶ ሳለ ሙዚቃ ሳይኖረው ይቀራል ብሎ መከራከር የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከራካሪው ያዞራል።

ከድምፁ ክፍል እንጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጅራፍን ከሙዚቃው ለይቶ የልጆች ረብሻ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጅራፍ ሲጮህ የሚሰማው ገመድ ገመድን ሲመታ የሚወጣ ድምፅ አይደለም። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲወነጨፍ አየሩ ይሰነጠቃል፤ የምንሰማው ያንኑ ነው። ነጎድጓድም ቢሆን በድንገት የተገፋ አየር ነውና ካህናቱ ጅራፉን በነጎድጓድ ድምፅ ሲመስሉት ከፊዚክስ ጋር ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል። ከዚህ የሚከተለው የአካባቢ ጉዳይ ግን እስካሁን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት ነው፦ 10 ዲግሪ በሆነ አየር በሰከንድ 337 ሜትር ያህል ሲሆን 30 ዲግሪ በሆነ አየር ግን 349 ይደርሳል። በነሐሴ ብርድ ደብረ ታቦር ላይ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ በመተማ ቆላ ካለው እኩያው ይልቅ በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ወሰን ይሻገራል ማለት ነው። የደጋ ልጅ ጅራፉ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጮህ ሲጠየቅ በክንዱ ቢመካ አይፈረድበትም፤ ሳይንሱ ግን ምስጋናውን ለብርዱ ይሰጣል።

ጅራፍ በፊልም ሙዚቃ ውስጥ ቦታ እንዳለው የሚጠራጠር ካለ ኤንዮ ሞሪኮኔን ይጠይቅ። ሞሪኮኔ እ.ኤ.አ. በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ» ለተባለው የካውቦይ ፊልም በሠራው ማጀቢያ ላይ ፉጨትና የጅራፍ ጩኸት አስገባ፤ ዓለምም አዲስ ነገር ተፈጠረ ብሎ አጨበጨበ። ጅራፍና ፉጨትን አንድ ላይ የሚጠቀም እረኛ በፋርጣና በጋይንት ሸንተረሮች ያኔም ሞልቶ ነበር። ይህ ጥናት ጣሊያናዊውን በቅጂ አይከስም፤ ሰው ሆኖ ከብት የጠበቀ ሁሉ ወደዚያ ውጤት መድረሱ አይቀርም። ከባዱን ድምፅ በተመለከተ ከሆነም የአካባቢው ፍላጎት የቆየ ነው፦ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ያስጎተቱት፣ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የቀለጠው እዚሁ ጋፋት ላይ ነው። ለሙዚቃ አልዋለም። ወፍራም ድምፅ ለማግኘት ግን ይህን ያህል ብረት ያቀለጠ ሌላ ከተማ በአገሪቱ ታሪክ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃ እንግባ፤ ይኸውም የሥራው አወቃቀር ነው። ልጆቹ ደጃፍ ሲደርሱ የሚያሰሙት መግቢያ ለሁሉም ቤት አንድ ነው። አልፍሬድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1933 ደርሶት የቀድሞው ፎክስ ኩባንያ ፊልሞች እስከ ዛሬ የሚከፈቱበት የመለከት ድምፅም ለሁሉም ፊልም አንድ ነው፤ ሁለቱም ስለሚቀጥለው ታሪክ ምንም አይናገሩም፤ «ተቀመጡ፣ ተጀምሯል» ነው የሚሉት። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ እንዲቀመጥ ሳይሆን እንዲነሣ የሚነገረው ተመልካች ራሱ ተዋናዩ መሆኑ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የመጠበቅ ክፍል ነው። በሩ ዝግ ነው፣ ፋኖስ ወይም አምፖል በስንጥቁ ይታያል፣ ውሻው ይጮኻል፣ አባወራው አለሁም የለሁም አይልም። የፊልም ሰዎች ይህን ሁኔታ ያውቁታል፦ ምንም የማይሆንበት፣ ነገር ግን አንድ ነገር እንደሚሆን ተመልካቹ የሚያውቅበት ረጅም ቀረጻ ነው። ጆን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1975 ለአሳ ነባሪ ያህል ግዙፍ ሻርክ መምጣት ይህን ስሜት የፈጠረው ሁለት ኖታ እያፈራረቀ ነው፤ በዚያም በቁጠባው ተመሰገነ። የሆያ ሆዬ ተቀባዮች ያንኑ ሥራ «ሆ» በምትል አንዲት ድምፅና በዱላ ምት ይጨርሱታል። ቁጠባ የሚያስመሰግን ከሆነ ግማሹን ወጪ የቆጠበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

የዱላው ምት የራሱ ችግር አለበት። ነሐሴ የክረምቱ እምብርት ስለሆነ ደጃፉ ሁሉ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ድምፅ ይውጣል። በላይ ቆርቆሮው ዝናብ ያረፈበት እንደሆነ የአዝማቹ ግማሽ ቤት ውስጥ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ቡድን ከመጀመሩ በፊት እግሩን ያዞርና ድንጋይ ያለበትን ቦታ ይመርጣል፤ ወይም የአባወራውን የእንጨት መዝጊያ ራሱን በዱላ ጫፍ ይነካካል። ይህን ባለቤቱ በር ማንኳኳት ይለዋል፤ ሙያው ግን ለቀረጻ የሚመች አዳራሽ መፈለግ ነው።

አባወራው ብቅ ሲል ሙዚቃው ይለወጣል፤ የጥናቱ መሠረት ያለው እዚህ ላይ ነው። ያልተከፈተውን በር ሲማጸን የነበረው አቀንቃኝ የወጣውን ሰው ባየበት ቅጽበት፣ ከጋቢው አለባበስ ተነሥቶ፣ ውዳሴ ይጀምራል። አንድ በሬ ከጎረቤት ያቀናጀው ሰው ባለ ብዙ ጥማድ ይሆናል፤ ጥይት ተኩሶ የማያውቀው አንበሳ ይገድላል፤ ግቢው ሰፍቶ ሜዳ ያክላል። ይህን ውሸት ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ከሆነ የፊልም ሙዚቃ ሁሉ ውሸት ነው፤ ምክንያቱም ማጀቢያ የሚፈለገው ሥዕሉ ብቻውን ሊያሳየው ያልቻለውን እንዲጨምር ነው። ገና ስሙን ያልሰማነው ሰው በሸራው ላይ በፈረስ ሲያልፍ ጀግና መሆኑን የነገረን መለከቱ እንጂ ፊቱ አይደለም። በአማርኛ ፊልሞቻችንም ዋሽንት ከተሰማ እናት ገጠር ሆና ልጇን እንደምታስብ፣ ሳክስፎን ከተሰማ ደግሞ ሁለቱ ወጣቶች ካፌ ውስጥ ሊተያዩ እንደሆነ እናውቃለን፤ ተዋናዮቹ ምንም ባያደርጉ ይደረስላቸዋል። አቀንቃኙም የሚያደርገው ለአባወራው መድረስ ነው።

አባወራው ቆሞ ዝም ያለ እንደሆነ ሙዚቃው ወደ እመቤቲቱ ይዞራል። ይህ የስልት ለውጥ እንጂ የአክብሮት መጓደል አይደለም፤ ሙልሙሉን የጋገረችውም፣ ያስቀመጠችበትን የምታውቀውም እሷ ናትና። በዚህ ጊዜ ባል ከዋና ተዋናይነት ወደ አጃቢነት ይወርዳል፤ ይህንንም በፊቱ ላይ ማየት ይቻላል። እሷም ካልወጣች ውዳሴው በቀስታ ይጣመማል፤ ቃሉ ምስጋና ሆኖ ይቆይና ዜማው ይላገዳል። ሥዕሉ አንድ ነገር እያሳየ ሙዚቃው ሌላ እንዲናገር ማድረግ በፊልም ትምህርት ቤቶች ከፍ ባለው ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ነው። እዚህ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሠራል። በመጨረሻ እጅ ወደ ኪስ ሲገባ ወይም ሰፌዱ ሲወጣ ምርቃቱ ይከተላል። ምርቃት ፊልሙ ሲያልቅ እንደሚወርደው የስም ዝርዝር ነው፦ ባል፣ ሚስት፣ ልጆች፣ ከብቱ ሳይቀር እየተጠራ ይመሰገናል። በሲኒማ ቤት ስም ሲወርድ የሚወጣው ተመልካቹ ነው፤ እዚህ ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው እየመረቁ ይሄዳሉ፤ ድምፁም ከርቀቱ ጋር እየቀነሰ ይጠፋል። በስቱዲዮ ውስጥ በእጅ እየተገፋ የሚሠራውን ድምፅ የመቀነስ ሥራ ልጆቹ በእግራቸው ሠርተውታል።

ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም፤ ዝግጅት ይጠይቃል። አቀንቃኙ የሚመረጠው በድምፁ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ወሬ በማወቁ ጭምር ነው፤ ማን በሬ ሸጠ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር ገንዘብ ላከ፣ ማን አምና ሳንቲም ብቻ ሰጥቶ አሳፈረ። በዚህ ረገድ ቀደምት መምህሮቹ ላሊበላዎቹ ናቸው። እነሱ ሊነጋጋ ሲል ደጃፍ ቆመው ባለቤቱን በስሙ፣ አንዳንዴም ከነአያቱ የሚያነሡት በመንፈስ ተገልጦላቸው አይደለም፤ ከጎረቤት ቀድመው ጠይቀው ነው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲም ከመጻፉ በፊት ፊልሙን ደጋግሞ ያያል። ልዩነቱ ላሊበላ የሚዞረው ኑሮውና ከዘር የወረሰው ሥራው ሆኖበት ሲሆን የቡሄው ልጅ አማተር መሆኑ ነው። ከጠዋቱ ጋር ከብት ይዞ ይወጣል፤ ሙያውን የሚያስታውሰው ከርሞ ነው።

አማተር ነው ስንል ግን መዛኝ የለውም ማለት አይደለም። ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው በሚወስደው ጭቃማ መንገድ ላይ የሚካሄደው ሂስ ከማንኛውም የሙዚቃ ማኅበር ስብሰባ የላቀ ነው። የትኛው ግጥም ባለቤቱን እንዳሳቀ፣ የትኛው እንዳስኮረፈ፣ ማን ቤት ሳይመታለት እንደቀረ፣ ማን «ሆ» ለማለት እንደዘገየ ይነሣል። ያለፈው ዓመት ምርጥ ማጀቢያም ይወሳል፤ የእገሌ ቤቱ ይሻላል የሚል ይኖራል፣ የለም የመምህሩ ቤት ነው የሚል ይኖራል፣ ማስረጃውም የተሰጠው ብር መጠን ነው። ይህ መለኪያ ሻካራ ቢሆንም በሆሊውድ ከሚሠራበት ብዙ አይርቅም።

እንዲህ ያለው ልማድ ከሜዳ አልተነሣም። ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው፦ ድጓ ለማስመስከር ተማሪ ከሩቅ አገር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይመጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አባን ይጠይቃል። አቋቋምን በተመለከተ ደግሞ የሚነገረው ታሪክ ለጥናታችን በቀጥታ ይጠቅማል። ፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሃና ጎን ለጎን እየተወዛወዙ የሚያዜሙበትን ስልት ከጣና ሞገድና በሞገዱ ከሚወዛወዘው ደንገል ወሰዱት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ግን ይህ ምን ዓይነት ፈሊጥ ነው ብለው አልቀበል አሉ፤ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ስልቱም በልጁ ስም ተክሌ ተብሎ ጸና። ከዚህ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ ዜማንና እንቅስቃሴን ለእሱ ማስማማት በዚህ አገር የሊቅ ሥራ ነው፤ የጣና ማዕበል የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነበር ማለትም ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጎንደር የመለሰውን አዲስ ሥራ ደብረ ታቦር ይቀበላል። አለቃ ገብረ ሃና በቀልዳቸው ስለሚታወቁ ብቻ ይህን ማስረጃ እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው ከጉባኤው ቢወጣ ይሻላል።

መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ወጥ ሥራ አይደለም፣ በየዓመቱ ያው ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ቅኔ ቤት የዋሉ ናቸው፤ እዚያ እውነትም ሕጉ ጥብቅ ነው። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ያቀርባል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የትናንቱን ደግሞ ያቀረበ፣ የባልንጀራውን የነጠቀ መሳቂያ ይሆናል። በዚህ ሚዛን የሆያ ሆዬ ልጅ በመግቢያውም በአዝማቹም ይወድቃል። ነገር ግን ሚዛኑ የተሳሳተ ነው። ማጀቢያ ከቅኔ የሚለየው አድማጩ ቀድሞ እንዲያውቀው በመፈለጉ ነው፤ አንድ ዜማ ተመልሶ ሲመጣ «ያ ሰውዬ መጣ» እንድንል ነው። ልጆቹ የታወቀውን ለመግቢያና ለመውጫ ይዘው አዲሱን የሚያስገቡት በመሀል፣ ለዚያ ቤት ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ አባወራ ላይ ያልተባለ ግጥም፣ በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ጋቢ ምክንያት ይወጣል፤ ነገ ለሌላው ቢባል አይሠራም። ሁሉም አዲስ የሆነበት ማጀቢያ ቢኖር ማን መጣ፣ ማን ሄደ ሳይታወቅ ፊልሙ ያልቃል። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ራሱም ለቁራሽ እንጀራ ደጃፍ ሲቆም «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው የሚለው፤ በየቤቱ አዲስ ቅኔ አይቆጥርም። ሲርበው እሱም ወደ ማጀቢያ ይዞራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ፊልሙ የታለ?» የሚል ነው፤ ቀላል ስለሚመስል ረዘም ብሎ መልስ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎት እንደነበር ይታወሳል፤ ፍርሃቱ የሌለ ሰው ሲንቀሳቀስ መታየቱ ነበር። በደብረ ታቦር ደጃፍ ግን የሚንቀሳቀሰው ያለ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሰይጣን ጥርጣሬ የለበትም። ፊልም ለመባል ሸራ ግድ ነው የሚል ካለ ደግሞ ሙዚቃ ደጃፍ ተወልዶ ሸራ ላይ ማረፉን የሚያሳይ ማስረጃ አለን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ጎንደር በነበሩበት ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን፣ ምግባቸውን ለምነው የሚያገኙትን ተማሪዎች ያዩ ነበር። የሚሰጣቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለእነሱ መርጃ አደረጉት። ያ የፒያኖ ሥራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 «ታይም» በተባለው ዘጋቢ ፊልም፣ በ2021 ደግሞ «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ማጀቢያ ሆኖ ተሰማ። እማሆይ ለፊልም ብለው አልደረሱትም። ፊልሞቹ ናቸው ዘግይተው የመጡት። የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው»ም ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ እስኪያስገባው ድረስ ፊልሙን ሲጠብቅ የኖረ ሙዚቃ ነው። እንግዲህ ማጀቢያ ቀድሞ፣ ፊልም ተከትሎ መምጣቱ የታወቀ ሥርዓት ከሆነ፣ የቡሄው ልጅ በሩ ሳይከፈት መጀመሩ ሊያስወቅሰው አይችልም።

በዚሁ ተቃውሞ ሥር የሚነሣ ሌላ ንዑስ ጥያቄ አለ፦ አባወራው ማጀቢያ ካልፈለገስ? ሂችኮክ «ሳይኮ»ን ሲሠራ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲያልፍ አዝዞ ነበር። በርናርድ ኸርማን ትእዛዙን ትቶ የቫዮሊኑን ጩኸት ጻፈ፤ ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ለወጠ፤ የደራሲውን ክፍያ እጥፍ እንዳደረገለትም ይነገራል። «ዘንድሮስ ይቅርብን፣ ሐዘን ላይ ነን» ወይም «ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ» ብሎ በበሩ ስንጥቅ የሚያዝዝ አባወራ ያው ነው። ሐዘኑ እውነት ከሆነ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ቀድመው አጣርተዋልና ያን ቤት ያልፉታል። እውነት ካልሆነ ቫዮሊኑ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሽማግሌዎች የሚመጣ ነው፦ ዱሮ በሙልሙል ነበር፣ አሁን በብር ሆነ፣ ስለዚህ አማተርነቱ ቀርቷል ይላሉ። በእርግጥ ከአንድ ቤት ሙልሙል የተቀበለ ልጅ ሌላው ቤት ሲደርስ ጉንጩ ሞልቶ «ሆ» ማለት ይከብደዋል፤ ብር ግን ኪስ ይገባል፤ ለውጡ በድምፅ ጥራት በኩል ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። አማተርና ባለሙያ የሚለዩት በክፍያው ዓይነት አይደለም፤ ክፍያው መቼ እንደሚመጣ በመታወቁ ነው። የሆሊውድ ደራሲ ውል ፈርሞ ይጀምራል። ልጆቹ ግን ሥራውን ከሞላ ጎደል ጨርሰው መዝጊያውን ብቻ ይዘው ይቀራሉ፤ ምርቃት ይሁን ሽሙጥ የሚወሰነው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ባለቤቱ ለሙዚቃው አይደለም የሚከፍለው። ሙዚቃውንማ ሰምቶታል፣ ጎረቤትም ሰምቷል። የሚከፍለው ፊልሙ በምን እንዲያልቅ ለመምረጥ ነው። ፕሮዲዩሰሩም፣ ተዋናዩም፣ ተመልካቹም አንድ ሰው የሆነበት ሥራ በዓለም የፊልም ታሪክ ብርቅ ነው፤ በደቡብ ጎንደር ግን በየአጥሩ አለ። የገንዘብ ያዡ ጉዳይ፣ ማለትም የቡድኑ ሒሳብ በማግሥቱ ሲከፋፈል ለምን ሁልጊዜ እንደሚጎድል፣ ራሱን የቻለ ጥናት የሚሻ በመሆኑ እዚህ አልተነሣም።

የሚቀረው የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ በተለይ ባልከፈለ አባወራ ላይ የወጣ ግጥም የማን ነው የሚለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ሲያዝ እንደሆነ ይደነግጋል። የልጆቹ ሽሙጥ ወጥነቱ ከላይ ተረጋግጧል፤ አየር ላይ የቀረ ስለሆነ ግን በሕጉ ዓይን ገና ሥራ አልሆነም። መንደሩ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ቢከርምም፣ ባለቤቱ ገበያ ሲወጣ ከኋላው ቢያንጎራጉረውም፣ የሰው አፍ በአዋጁ መሠረት ግዙፍ መያዣ ስለመሆኑ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ስሜ ጠፋ የሚል አባወራ ነገሩን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ለመውሰድ መብት ቢኖረውም ሊያስብበት ይገባል። ክሱን ይቀበሉት ዘንድ የተባለበትን ግጥም ቃል በቃል ማቅረብ ግድ ይሆንበታል፤ ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ ማኅተም ይመታበታል። ሥራው በዚያች ሰዓት ግዙፍነት ያገኛል፤ ጥበቃውም ደራሲዎቹ እስካሉ ድረስና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የልጆቹ ይሆናል።